ሳይበላ የሄደው ልጅዎ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ ባዩሽ፦

እንደምን ከርመዋል? ስኳሩስ እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎስ ይህ የደብረ ብርሃን ክረምት ሲገባ እንደ ወትሮው አስቸገረዎት ወይስ ዘንድሮ አዘነልዎት? መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ አንዳንዱን ቀን እንዳይዘሉት፤ አውቅዎታለሁ። ሃይማኖትስ እንዴት ናት? ልጇ ዳዴ ማለት ጀመረ? ጋሽ ወልደአምላክስ፣ ያ የማይለቅ ሳላቸው ተሻላቸው? እኔም፣ ዋለልኝም፣ ልጆቹም ከናፍቆታችሁ በቀር በአካል ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በአካል ነው ያልኩት። የቀረውን ከታች ያነቡታል።

ይህችን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ጓደኛዬ አሰፋሽ ናት። ለፍልሰታ አገር ቤት ትገባለች፤ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ በእጅዎ እንድትሰጥዎት ቃል አስገብቻታለሁ። እባክዎ «አንብቢልኝ» ብለው ለሃይማኖት እንዳይሰጧት። መነጽርዎን አድርገው፣ በሩን ዘግተው፣ ራስዎ ያንብቡት። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚነገር እርስዎ ያውቃሉ። «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልኩንማ ሞክሬዋለሁ። ከሰኔ ወዲህ ሦስት ጊዜ ልናገር ደውዬ፣ «አቤት ሸዋዬ» የሚለውን ድምፅዎን ስሰማ ስለ ስኳርዎ ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ዘጋሁት። ለሰው ሁሉ የሚፈታ ምላስ ነበረኝ፤ እርስዎ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው የሚተሳሰረው።

ነገሩ ስለ ይስሐቅ ነው። አይደንግጡ፤ ልጅዎ በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፣ ሥራም አለው። በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ዴንቨር ግን አይደለም። ዴንቨር ኖሮም አያውቅም። እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ከኔ ቤት በመኪና አርባ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሩቅ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ስልኩም ተቀይሯል፣ ሲመቸው ይደውላል» ያልኩዎት ውሸት ነው። ለፋሲካ «ይስሐቅ የላከልዎት» ብዬ የሰደድኩት ጥቁር ጫማም እኔ ሴቨን ኮርነርስ ካለ ሱቅ የገዛሁት ነው። እርስዎ ደግሞ «እሱ ሲመጣ ነው የማደርገው» ብለው ከነካርቶኑ አልጋዎ ሥር እንዳስቀመጡት ሃይማኖት ስትነግረኝ፣ ያን ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እዚህ ላይ ደርሰው ቢረግሙኝ ይገባኛል። ግን ጨርሰው ያንብቡና ይርገሙኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። እናታችን ስትሞት ጀርባዎ ላይ አዝለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይስሐቅ ዲቪ ደርሶት ሲመጣም «ልጄን ላንቺ ሰጠሁሽ» ብለው የላኩት ወደ እኔ ነው። አራት ዓመት ምድር ቤታችን ውስጥ ኖረ። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ እሑድ ልጆቼን ቀስቅሶ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት እናት ነች ያሳደገችው?» ሲለኝ «እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት» እያልኩ እኩራራ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው እንደ ልማዴ በሰው ነገር መግባት ጀመርኩ። ሮክቪል የምትኖር የደህና ሰው ልጅ አየሁለት። እናቷን አነጋገርኩ። ለሽምግልና ማን ማን እንደሚሄድ ሳይቀር በልቤ መርጬ ጨርሻለሁ። ያልጠየቅሁት ሰው ቢኖር እሱን ራሱን ነው። ስነግረው አንገቱን ደፍቶ «እትዬ ሸዋ፣ የሰው ልጅ አልበድልም። ሴት ማግባት አልችልም። ልቤ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ» አለኝ።

ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ሁሉ አልጽፍልዎትም። ብቻ በመጨረሻ «ወይ ጠበል ትገባለህ፣ ወይ ከቤቴ ትወጣለህ» አልኩት። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ይህ አልበቃኝም፣ እትዬ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ለእማዬ እኔው ራሴ ልንገራት» ቢለኝ፣ እርስዎ ሰምተው አንድ ነገር እንዳይሆኑብኝ ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ሰምቶ ስሜ እንዳይነሳም ፈራሁ። ስለዚህ «እኔ ነግሬያታለሁ። ‹ከእንግዲህ ልጅ የለኝም፤ እንዳይደውልልኝ› ብላለች» አልኩት። እርስዎ ያላሉትን፣ በሕልምዎም ያላሰቡትን፣ በእርስዎ አፍ ተናገርኩ። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያልደወለልዎት ረስቶዎት አይደለም። እርስዎ የከለከሉት መስሎት ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ሰኔ ልምጣ። እኔና አሰፋሽ ከሥራችን ጎን ለጎን ኬተሪንግ እንደ ጀመርን ነግሬዎታለሁ፤ ክርስትናም፣ ምረቃም፣ ተዝካርም ሲሆን ምግብ አብስለን እናቀርባለን። ዘንድሮ ፈቃዱን አውጥተን በየአደባባዩ በዓል ድንኳን ተክለን እንሽጥ ተባባልን። እዚህ አገር ሙቀቱ ሲገባ በየሳምንቱ የመንገድ ላይ በዓል አይጠፋም። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ኮል አድርጋ፣ ሰኔ ሦስት እሑድ ዋሽንግተን መሃል ከተማ ትልቅ ፌስቲቫል አለ፣ ሥጋ የሌለው ምግብ የሚያቀርብ ጎድሎናል አለችን። ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፤ እኛም ከጾም ምግብ ሌላ አናበስልም። «ጌታ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብለን እልል አልን። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። የበዓሉ ስም ከላይ በትልቁ ተጽፎበታል፤ «ፕራይድ» ይላል፣ ኩራት ማለት ነው። እኔ ዓይኔ የሄደው ስንት ሰው ይመጣል የሚለው ላይ ነው። ኩራት ከሆነ ይኩሩ ብዬ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ስናበስል ዋልን፤ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ቀርቶብን፣ ዋለልኝ በታክሲው ከነድስታችን አድርሶን ተመለሰ። ድንኳናችንን ተክለን ቀና ስንል መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የማርያም መቀነት ለብሷል። ባንዲራው፣ ጃንጥላው፣ የውሻው አንገት ሳይቀር። አሰፋሽ «እንዴት ያምራል! የሕፃናት ቀን ነው መሰለኝ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጢማም ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡና ድስታችን ፊት ቆመው ተሳሳሙ። አሰፋሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሸዋዬ፣ የት ነው ያመጣሽኝ?» አለችኝ። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚዋደዱ ሰዎች በዓል ነው።

እግዚኦ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥለን እንዳንሄድ መኪናው ሄዷል፣ መንገዱም ተዘግቷል፣ የሁለት መቶ ሰው ምግብ እሳት ላይ ነው። አንገታችንን ደፍተን ሸጠን እንውጣ፣ ለማንም ትንፍሽ አንበል ተባባልን። አሰፋሽ የአንገት መስቀሏን ወደ ውስጥ ከተተች። እኔ ዋለልኝ ረስቶት የሄደውን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፣ ጥቁር መነጽርም ደነቀርኩ። «የኢትዮጵያ ምግብ» የሚለውን ጨርቅ አውርጄ ገልብጬ ሰቀልኩት። አንድ የኛው አገር ልጅ ሽታው ስቦት መጥቶ በአማርኛ «እማማ፣ ሽሮ አለ?» ሲለኝ በእንግሊዝኛ መለስኩለት። ልጆቼን «በአማርኛ መልሱልኝ!» እያልኩ ጠዋት ማታ የምቆጣ እኔ! ልጁ ሽሮውንና ፊቴን አፈራርቆ አየና ሳቀ። ምን ያድርግ፣ እኔም ብሆን እስቃለሁ።

ሰዉ ግን እንደ ፈራሁት አልነበረም። ምን እንደ ጠበቅሁም እንጃ። ሰልፉ ላይ የቆሙት ፀሐይ ያነደዳቸው፣ የራባቸው፣ «እባክሽን» እና «አመሰግናለሁ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሁለት አሮጊቶች ጎመኑን ወደውት ተመልሰው መጡ፤ አንደኛዋ የሌላኛዋን አገጭ በሶፍት ጠረገችላት። ከኛ ማዶ አንዲት ሽበታም ሴት «እናት ነኝ፤ ልጄን እወደዋለሁ» የሚል ካርቶን ይዛ ቆማለች። ቀኑን ሙሉ ጎረምሶች እየመጡ ያቅፏታል። አንዳንዱ አንገቷ ሥር ተሸጉጦ ያለቅሳል። የማታውቃቸውን ነው እኮ የምታቅፈው! ደጋግሜ አየኋትና ዓይኔን ወደ ምስሩ መለስኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን ቀና ብል ይስሐቅ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ከሳ ብሏል፣ ጢም አሳድጓል፤ ግን ያ የእርስዎ ግንባር የት ይደበቃል! ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰዋል። ኮፍያውም መነጽሩም አላዳነኝም። ጭልፋ አያያዜን አይቶ ነው ያወቀኝ። እትዬ፣ ያን ፊት እንዴት አድርጌ ልግለጽልዎት? ትንሽ ልጅ ሆኖ እርስዎ ከገበያ ሲመለሱ እየሮጠ የሚቀበልበት ፊት ነው። እንባው ግጥም አለ። «እትዬ ሸዋ! ለኔ ብለሽ መጣሽልኝ?» አለኝ። ዞር ብሎ ለጓደኞቹ «አክስቴ ናት፤ መጣችልኝ» ሲላቸው አጨበጨቡ።

ለሱ ብዬ የመጣሁ መስሎት ነው። ፎርም ሳላነብ ፈርሜ፣ ምስር ልሸጥ መምጣቴን በምን ይወቀው?

አሰፋሽ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። በሚቀጥለው እሑድ ቅጽር ግቢው ውስጥ የሚወራው፣ የማኅበራችን ሴቶች፣ የሮክቪሏ ልጅ እናት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አላውቅህም» አልኩት። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ «ቀጥሎ ያለው» ብዬ ተጣራሁ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ደስታ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ለጓደኞቹ «ሶሪ፣ ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ሰው ናት» አላቸው። አዩልኝ እትዬ፣ እኔን ከሰው ፊት ለማትረፍ! ያነሳውን ባዶ ሰሃን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና ሰዉ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ለቆመው ሰው ምን እንደ ጨለፍኩለት አላስታውስም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አሰፋሽ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። እኔ ደግሞ «የዘመኑ ልጆች፣ ያገኙትን ሁሉ አክስቴ ይላሉ» እያልኩ ስቀባጥር መጣሁ። ቤት ደርሰን ድስቶቹን ስናወርድ ቆም ብላ «የባዩሽ ልጅ እኮ ሳይበላ ሄደ» አለችኝ። ይህን ብቻ ብላ የራሷን ድስት ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች። አውቃዋለች። አራት ዓመት ሙሉ ቤቴ በመጣች ቁጥር ከምድር ቤት እየሮጠ ወጥቶ ዕቃዋን የሚቀበላት ልጅ እንዴት ይጠፋታል? በሷ አሳብቤ ነበር እኮ የካድኩት። እኔ ሸዋረገድ፣ «እሷ ቤት የገባ ሳይቀምስ አይወጣም» እየተባልኩ የምመሰገን ሴት፣ የእህቴን ልጅ ከራሴ ድስት ፊት ጦሙን ሰደድኩት። ያውም በሐዋርያት ጾም። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ሲጮህበት ወጥቶ መራራ ለቅሶ አለቀሰ። እኔ ገብቼ ድስት አጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከደጀ ሰላሙ ቆሜ እመለሳለሁ። ወጥ ስጨልፍ እጄን አያለሁ። አሌክሳንድሪያ የት ሰፈር እንደሚኖር ከሰው አጣርቼ ሁለት ጊዜ መኪና አስነስቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ቤንዚን እንደምቀዳ ሆኜ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው በሩን የማንኳኳው? «ያ አላውቅህም ያልኩህ ነኝ» ብዬ?

ሰኔ መጨረሻ ላይ የኛን ሲልቨር ስፕሪንግ አይተነው የማናውቀው ነፋስ መታው። ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ መንገዱ ላይ ዘረረው፣ መብራትም ጠፋ። ሙቀቱ ደግሞ አፋር ይበሉት። ለአንድ ትልቅ ድግስ ያዘጋጀሁት ምግብ ሁለት ፍሪዘር ሞልቶ ሊበላሽብኝ ነው። በረዶ ፍለጋ ዋለልኝ በጠዋት ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሱቁ ሁሉ ጨርሷል። ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ይስሐቅ ነው። በሁለት እጁ ከረጢት ሙሉ በረዶ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙ ሁለንተናው ረጥቦ። «ፍሪዘርሽ ሙሉ እንደሚሆን አውቄ ነው» አለኝ። እነሱ ሰፈር አንድ ሱቅ አግኝቶ፣ ዛፍ የወደቀበትን መንገድ ሁሉ እየዞረ ነው የመጣው። አራት ጊዜ ወደ መኪናው ተመላልሶ ሁለቱንም ፍሪዘር ሞላልኝ። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አላነሳም። እኔም የፍሪዘሩን ክዳን ከፍቼ ያዝኩለት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እማዬ ደህና ናት?» አለኝ።

ይሄኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። «እናትህ ምንም አልሰማችም። ልጅ የለኝም አላለችም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ስታጣህ ጊዜ ቀን ከሌት ስለት እየተሳለች ነው» አልኩት። ዋለልኝም ከኋላዬ ቆሞ ይሰማል፤ እሱም ያን ዕለት ነው የሰማው፣ ሦስት ቀን አላነጋገረኝም። ይስሐቅ ብብቴ ሥር ይዞ አነሳኝ። ከዚያ ከሸሚዙ ውኃው እየተንጠባጠበ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በኋላ ያለኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ያኔ እንዲህ ብላለች አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ አላለችም ትይኛለሽ። አንቺን እንዴት አድርጌ ልመንሽ? ከእማዬ አፍ ካልሰማሁ አላምንም። እኔ ግን ደፍሬ መደወል አልችልም፤ ያንኑ ብትደግምልኝስ?» ትንሽ እህል ቅመስ ብዬ ለመንኩት። «ሌላ ቀን» ብሎኝ ሄደ። ይኸው ሁለተኛ ጊዜ ሳይበላ ሄደ።

እትዬ፣ ስለ ነገሩ ምን እንደምልዎት አላውቅም። ያደግንበትን ያውቃሉ። አንዳንድ ቀን ያንን ሽበታም ሴት አስባታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እበሳጫለሁ፤ በልቤ ገና አልጨረስኩትም። እርስዎም ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማዎት አላውቅም። ቢያዝኑም፣ ቢቆጡም የእርስዎ ነው፤ አንዴ በእርስዎ አፍ ተናግሬ ያመጣሁትን አይቻለሁ። የማውቀው ልጁን ነው። ካድኩት፣ በረዶ አመጣልኝ። ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔንም አስተምረውኝ ነበር።

ስልክ ቁጥሩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልልቁ ተጽፏል፣ ያለ መነጽርም ይታይዎታል። አሰፋሽ አንብበው እስኪጨርሱ ውጭ ትጠብቃለች፤ ይጥሯትና ደውላ ትስጥዎት። ይቆጡት፣ ያልቅሱበት፣ የፈለጉትን ይጠይቁት፤ ብቻ ድምፅዎን ይስማ። እኔን ለመቅጣት ብለው እንዳያዘገዩት። የኔን ቅጣት ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ፤ አልሸሽም። ለልጁ ግን «አላውቅህም» የሚል ዘመድ እኔ አንዷ እበቃዋለሁ።

ሃይማኖትን በሁለት ጉንጯ ይሳሙልኝ። ልጇን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ በፎቶ ያየሁትን ጉንጭ ከነፎቶው ልበላው ነው። ጋሽ ወልደአምላክን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ የሳል መድኃኒታቸውን አሰፋሽ ይዛለች፣ ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ነው። ዋለልኝ እጅ ይነሳል። ልጆቹም በየእንግሊዝኛቸው ሰላም ብለዋል። ከይስሐቅ የሚል ሰላምታ ግን አልጽፍልዎትም። በሰው አፍ መናገር ትቻለሁ፤ ከራሱ ይቀበሉ።

ያሳደጓት፣ ያሳፈረችዎት ታናሽዎ
ሸዋረገድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ፣ ሐምሌ ፬ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.